ስክሪኑ ስለበራ ሥራው አላለቀም

የተከበራችሁ የጎንደር ነዋሪዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ በፒያሳና በማራኪ ኮምፒውተር የምትሸጡና የምትጠግኑ ባለሙያዎች፣ ከዳባትና ከደባርቅ ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፦

የዛሬው ርእሴ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ወይም ኡቡንቱ ሲጫን የግራፊክስ ድራይቨር እንዴት መግባት እንዳለበት ነው። ይህ የጥገና ቤት ወሬ እንጂ የአደባባይ ንግግር አይደለም የሚል ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ። ነገር ግን አስቡት፤ አባት በግ ሸጦ፣ እናት ዕቁቧን አስቀድማ ወስዳ፣ ለልጃቸው ላፕቶፕ ይገዛሉ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይገባና ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ዕቃ እየተንቀራፈፈ፣ እየጋለ፣ ከፕሮጀክተር ጋር አልገናኝም እያለ ያበሽቀዋል። ልጁ «የተሸጠልኝ ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ሻጩ «ቫይረስ አስገብተህበት ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተሳስተዋል። ዕቃው ደህና ነው፤ የጎደለው አንድ ፋይል ነው።

ልላችሁ የመጣሁት ነገር በአጭሩ ይኼው ነው፦ እንደኛ ባለ፣ መብራትና ኔትወርክ በፈለጉት ሰዓት በማይገኙበት አገር፣ ድራይቨር ከፎርማት በኋላ የሚፈለግ ሳይሆን ከፎርማት በፊት በእጅ የሚያዝ መሆን አለበት። ይህንንም ለእያንዳንዱ ተማሪ ብልሃት ብቻ መተው አይገባም፤ የከተማው ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. በቆረቆሩት በዚህ ከተማ ግቢ ውስጥ ባለጉዳይ እንዲያው ገብቶ ንጉሡ ፊት አይቆምም ነበር፤ አጋፋሪ ተቀብሎ ያቀርበዋል። ድራይቨር የኮምፒውተር አጋፋሪ ነው። ዊንዶውስም ሆነ ኡቡንቱ የቆመበት ሊኑክስ በራሳቸው የግራፊክስ ቺፑን ቋንቋና ሥርዓት አያውቁም። ኢንቴል፣ ኤኤምዲና ኤንቪዲያ እያንዳንዳቸው፣ በየትውልዱም እየለያዩ፣ ቺፕ ይሠራሉ፤ ፕሮግራሙ «ይህን ምስል ሣልልኝ» ሲል ትእዛዙን ለዚያ ቺፕ በሚገባው መንገድ የሚያደርሰው ድራይቨሩ ነው።

ታዲያ ድራይቨር ሳይኖር ስክሪኑ ለምን ይበራል? ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፑ ሲነሣ በቦርዱ ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ የሚባል ፕሮግራም ስክሪኑን በተራ ደረጃ አብርቶ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክበዋል። ዊንዶውስ ትክክለኛውን ድራይቨር ካላገኘ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በሚለው መጠባበቂያ ይቀጥላል። ምስል ይታያል፣ መዳፊት ይንቀሳቀሳል፣ ወርድ ይከፈታል። ነገር ግን የግራፊክስ ቺፑ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ የእሱን ሸክም የተሸከመው ፕሮሰሰሩ ነው።

ምልክቶቹን ልንገራችሁ። ፊደሉ ተለጥጦ ወይም ገዝፎ ይታያል። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ ወይም መጨመር አይቻልም። ላፕቶፑ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት በትክክል አይነቃም። ቪዲዮ ይቆራረጣል፤ ፋኑ ያጓራል። የሕንፃ ንድፍ ተማሪው አውቶካድ ውስጥ ሥዕሉን ሲያዞር እየተንተባተበ ይዞርለታል። ጥር ሲመጣ የጥምቀትና የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ባለሙያ በአጭር ጊዜ ማለቅ ያለበትን ሥራ ሲጠብቅ ያድራል። ከሁሉም የሚያሳፍረው ግን የመመረቂያ ሥራውን ሊያቀርብ አዳራሽ የገባው ተማሪ ነው። ገመዱን ይሰካል፤ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። የኤንቪዲያ ቺፕ ባላቸው ብዙ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው የተያያዘው ከኤንቪዲያው ቺፕ ጋር ስለሆነ፣ የዚያ ድራይቨር ከሌለ ፕሮጀክተሩም የለም።

«ከኤንቪዲያው ቺፕ» ማለቴን ልብ በሉ። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ኦፕቲመስ የተባለውን አሠራር ካወጣ ወዲህ በርካታ ላፕቶፖች ሁለት ግራፊክስ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ቆጣቢ፣ ሌላው ለከባድ ሥራ የሚነሣ ጉልበተኛ። ሁለቱም የየራሳቸው ድራይቨር ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛው ድራይቨር ካልተጫነለት አይሠራም ብቻ ሳይሆን፣ ኃይሉን የሚቆጣጠርለት ስለሌለ ባትሪ እየበላ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ለደባርቅ እንግዶቼ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለኝ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ ወደ 2800 ሜትር ትጠጋለች፤ የስሜን መንደሮች ከዚያም ሽቅብ ይወጣሉ። የብዙ ላፕቶፖችን መመሪያ ብታነቡ እየሠሩ መቆየት የሚችሉበት ከፍታ እስከ 3048 ሜትር፣ ማለትም እስከ 10000 ጫማ፣ ተብሎ ተጽፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ፋኑም በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። የስሜን ብርድ ለእጅ እንጂ ለቺፕ ሙሉ ማካካሻ አይሆንም። ድራይቨር በማጣት ፕሮሰሰሩ ያለ ሥራው ሲለፋ የሚወጣው ሙቀት እላይ ላይ ይበልጥ ይጎዳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰፊው ዓለም ልውሰዳችሁና ድራይቨር የሚባለው ፋይል ምን ያህል ታሪክ እንዳለው ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በአሜሪካው ኤምአይቲ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ አንድ የዜሮክስ ማተሚያ ወረቀት ሲይዝ ለተጠቃሚዎች እንዲያሳውቅ አድርጎ ማተሚያውን የሚያሠራውን ፕሮግራም ሊያሻሽል ፈለገ፤ የፕሮግራሙን ምንጭ ግን ተከለከለ። ያ ክልከላ እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ ለመጀመር ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቻችን በነፃ የሚጭኑት ኡቡንቱ ከዚያ ንቅናቄና ከሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ የተወለደ ነው።

ቶርቫልድስ ራሱም በድራይቨር ጉዳይ ተቆጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ሲናገር ኤንቪዲያ ከሊኑክስ ጋር ባለመተባበሩ በካሜራ ፊት በጸያፍ ምልክት ሰድቦታል። የኤንቪዲያ ቺፕ ምስጢር ስላልተገለጠ፣ በጎ ፈቃደኞች ቺፑን ከውጭ እየመረመሩ ኑቮ የሚባል ድራይቨር ለመጻፍ ዓመታት ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ኤንቪዲያ ከድራይቨሩ ውስጥ የከርነሉን ክፍል ምንጭ ለሕዝብ ከፈተ። ኢንቴልና ኤኤምዲ ግን ከዚያ በፊት የሊኑክስ ድራይቨራቸውን ከከርነሉ ጋር አብረው ይሰጡ ነበር። ለዚህ ነው ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ግራፊክስ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ስትጭኑ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ፍለጋ የማያስፈልጋችሁ፤ ባለ ኤንቪዲያው ላይ ግን ሐሳብ የሚበዛባችሁ።

ዊንዶውስም ከዚህ ችግር አላመለጠም። ቪስታ የተባለው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ከደረሱት የሲስተም መውደቆች ወደ 29 በመቶ የሚሆኑት ከኤንቪዲያ ድራይቨሮች ጋር የተያያዙ እንደነበሩ በኋላ በፍርድ ቤት የወጡ የማይክሮሶፍት ሰነዶች አሳይተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጣለ፤ አየር መንገዶች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። የግራፊክስ ድራይቨር አልነበረም፤ ነገር ግን ማሻሻያውን የሚያነበው የኩባንያው ድራይቨር እንደ ግራፊክስ ድራይቨር ሁሉ በከርነል ውስጥ የሚሠራ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ድራይቨር ወደ ሲስተሙ እልፍኝ የሚገባ ስለሆነ ከየትም ተለቅሞ የሚጫን አለመሆኑን ነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንምጣ። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፣ ነባሩ ሲስተም ገና እየሠራ ሳለ፣ ዲቫይስ ማናጀር ክፈቱና የግራፊክሱን ስም ጻፉ። ስሙ ባይታይ እንኳ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለው ቦታ ላይ የሠሪው መለያ ቁጥር አለ፤ 8086 ካለ ኢንቴል ነው፣ 1002 ካለ ኤኤምዲ ነው፣ 10ዲኢ ካለ ኤንቪዲያ ነው። ቀጥሎ ከላፕቶፑ ሠሪ፣ ከኤችፒ ወይም ከዴል ወይም ከሌኖቮ ድረ ገጽ፣ በላፕቶፑ ጀርባ ባለው ቁጥር ፈልጋችሁ የዋይፋዩን፣ የቺፕሴቱንና የግራፊክሱን ድራይቨር በፍላሽ ያዙ። የኤንቪዲያው ብቻውን ከ500 ሜጋባይት በላይ ስለሚሆን በስልክ ጥቅል ሳይሆን ሰፊ መስመር ባለበት ቦታ ብታወርዱት ይሻላል። ዊንዶውስ ራሱም የተጫኑትን ድራይቨሮች ወደ አንድ ፎልደር ገልብጦ የሚያወጣ ፒኤንፒዩቲል የሚባል መሣሪያ በውስጡ አለው። ፎርማት ሊደረግ ካለ ላፕቶፕ ላይ ድራይቨሮቹን አስቀድሞ ማውጣት ምንም ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ብዙ ጥገና ቤት ግን አይጠቀምበትም።

በመጫን ጊዜ የመጀመሪያው እንቅፋት ግራፊክሱ አይደለም። በአሥራ አንደኛው ትውልድና ከዚያ ወዲህ በወጡ በርካታ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ የዊንዶውስ መጫኛ «ዲስክ የለም» ይላል። ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል ተብሎ ሊቀየር ሁሉ ይችላል። ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል ማከማቻ ድራይቨር ነው። ከፍላሹ «ሎድ ድራይቨር» በሚለው ካስገባችሁት ዲስኩ ይታያል። ሁለተኛው እንቅፋት ዊንዶውስ 11 ኢንተርኔት ካላገኘ ወደ ፊት አልሄድም ማለቱ ነው፤ ዋይፋዩ ደግሞ ገና ድራይቨር የለውም። እዚህ ላይ የአንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀር ገመድ አገናኝታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩ። ስልኩ የራሱን ዳታ ብቻ ሳይሆን የያዘውን ዋይፋይም ለላፕቶፑ ያካፍላል።

ከገባችሁ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ዋይፋይ፣ ቺፕሴት፣ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ፣ በመጨረሻ ጉልበተኛው ግራፊክስ። ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ ድራይቨር እያመጣ ሊሆን ስለሚችል ስክሪኑ ለቅጽበት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ በግድም አታጥፉት። በስልክ ዳታ ላይ ከሆናችሁ ጥቅላችሁን እንዳይጨርስ ግንኙነቱን «ሚተርድ» አድርጉት፤ ያን ጊዜ ግን ድራይቨሩ በራሱ እንደማይወርድ እወቁ። ባትሪው ሳይሞላም አትጀምሩ።

ኡቡንቱ ለሚጭኑት ደግሞ ሦስት ነገር ልበል። መጫኛው መሀል ላይ ለግራፊክስና ለዋይፋይ የሦስተኛ ወገን ሶፍትዌር ልጫን ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሣጥን አለ፤ ኤንቪዲያ ያለው ሰው ምልክት ያድርግበት። ሴክዩር ቡት ከበራ መጫኛው የይለፍ ቃል ያስመርጣል፤ ላፕቶፑ ዳግም ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ቁልፉን መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ ይላል። ብዙ ሰው ባለማወቅ «ቀጥል» የሚለውን ተጭኖ ያልፈዋል፤ ድራይቨሩም ሳይፈቀድለት ይቀራል። «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንን የይለፍ ቃል አስገቡ። ገና ከመጀመሪያው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ደግሞ በመነሻው ዝርዝር ላይ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን ምረጡ፤ ከጫናችሁ በኋላ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ውስጥ ገብታችሁ ትክክለኛውን ታስገባላችሁ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለምትገዙ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁልጊዜ አዲሱ ድራይቨር ይበልጣል ማለት አይደለም። የኤንቪዲያ ክፍቱ የከርነል ድራይቨር የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ላሉት ነው። ከዚያ በፊት የወጡት፣ ጂቲኤክስ 1050ን የመሰሉ የፓስካል ትውልድ ቺፖች የቀድሞውን ዝግ ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ የተሠራው የመጨረሻ ተከታታይም 580 የሚባለው ነው። በአንጻሩ የኤንቪዲያ 50 ተከታታይ ቺፖች በሊኑክስ ላይ ያለ ክፍቱ አይሠሩም። ዊንዶውስ 10ም ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ስለተቋረጠ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሲስተም መቀየሩ አይቀርም። ማለትም የፎርማት ሥራ ከወትሮው የሚበዛ ነው።

ኔትወርክ ካለ ይህ ሁሉ ቀላል ነው የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ካለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥና ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሲቀር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። ዊንዶውስም ኡቡንቱም የተሠሩት ኢንተርኔት እንደ አየር አለ ብለው በሚያስቡ ሰዎች ነው። መስመሩ በጠፋበት ጊዜ ፎርማት የተደረገ ላፕቶፕ ድራይቨሩ በእጅ ከሌለ በግማሽ ጉልበቱ እንደታሰረ ይቀራል። መስመሩ ዛሬ አለ ብለን ነገን መርሳት አይገባንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ሥልጠና ሲጀምር ወጣቶቻችን ተመዝግበው እንዲማሩ ተጠርተዋል። ሥልጠናው በኦንላይን ነው፤ መማሪያው ላፕቶፕ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ ድራይቨር ይፈልጋል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው የሚሸሽበት አቋራጭ አለ። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እጭናለሁ የሚሉ ግዙፍ ጥቅሎች ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራሉ። በጭንቅ ጊዜ ያገለገሉት ሰው እንዳለ አልክድም። ነገር ግን ከየት እንደመጡ አይታወቅም፤ የተሳሳተ እትም ይጭናሉ፤ ያልተጠየቀ ማስታወቂያና አሳሽ ይዘው ይገባሉ። ወደ እልፍኝ የሚገባውን ነገር ስሙን ሳንጠይቅ እያስገባን ነው ማለት ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስም እንዲሁ ነው፤ አፕዴቱ ተዘግቶ ስለሚመጣ ድራይቨሩ የሚገኝበትን ዋናውን በር ራሱ ይዘጋዋል። አክቲቬት ያልተደረገ ትክክለኛ ዊንዶውስ እንኳ ድራይቨር ይቀበላል።

መፍትሔው በከተማ ደረጃ መታሰብ አለበት ያልኩት ለዚህ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር፤ የተቋቋመውም ሕመምተኛ ሆስፒታል እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ በየወረዳው ሄዶ በሽታን የሚከላከል ባለሙያ ለማፍራት ነው። ያ አስተሳሰብ ለዚህም ይሠራል። ዩኒቨርሲቲው፣ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ፣ በግቢያቸው ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚደረስበት አንድ ማከማቻ ቢያቆሙ፣ የኡቡንቱን የጥቅል ማከማቻ ግልባጭ፣ በአካባቢው በብዛት የሚታዩ ላፕቶፖችን ድራይቨር ከሠሪው ድረ ገጽ በቀጥታ የተወሰደ፣ በየመንፈቁ እየታደሰ ቢያስቀምጡ፣ ወጪው አንድ መጠነኛ ሰርቨርና ጥቂት የተመደቡ ተማሪዎች ናቸው። ግልባጭ ማቆም አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለሊኑክስ ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

የጥገና ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ እናንተን ደግሞ በወንድምነት እለምናለሁ። ፎርማት ሲደረግ ስክሪኑ በርቶ ወርድ ሲከፈት ሥራው አልቋል አትበሉ። ደንበኛው ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ዲቫይስ ማናጀሩ ላይ ቢጫ ምልክት አለመኖሩን፣ ብርሃኑ መቀነሱን፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱን፣ በኤችዲኤምአይ ሌላ ስክሪን መቀበሉን አሳዩት። የላፕቶፑን ድራይቨሮችም በራሱ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ስጡት። ለዚያ ጥቂት ብር ብትጨምሩበት ማንም አይከፋም፤ ደንበኛችሁም ይበዛል።

ወላጆችና ተማሪዎች ደግሞ፣ ላፕቶፕ ስትገዙ ስለ ራሙና ስለ ሃርድ ዲስኩ ብቻ አትጠይቁ። «ግራፊክሱ የማን ነው? ድራይቨሩ ተጭኗል? ፍላሽ ላይ ትሰጠኛለህ?» በሉ። ሻጩ ካላሳያችሁ አትክፈሉ። ላፕቶፕ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፣ መብራትም ኔትወርክም ካለ፣ ሌላ ነገር ከመክፈታችሁ በፊት የላፕቶፓችሁን ድራይቨር አውርዳችሁ አስቀምጡ።